የልጆቻችን መምህርት ስንት ይከፈላታል?

ለሶዶ፣ ለአረካ፣ ለቦዲቲና ለመላው የወላይታ ዞን ወላጆች፤

እኔም እንደናንተው ጠዋት ልጄን አድርሼ ከሰዓት የምቀበል ወላጅ ነኝ።

ኬጂ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። መምህርቷ የአንዱን ንፍጥ እየጠረገች የሌላዋን ጫማ ታስራለች፤ ሦስተኛው ሽንቴ መጣ ይላታል። በዚያው መሐል ቤቱ ወላይትኛ ብቻ እየሰማ ላደገ ልጅ ወላይትኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደልም፣ የአማርኛውን ሀ ሁም ታስጨብጣለች። ይህ ከባድ ሙያ ነው። እኛ ግን ልጅ ማጫወት ነው እያልን አቀለልነው፤ ደመወዙም አብሮ ቀለለ።

በግል መዋዕለ ሕፃናት ያለ ጽሑፍ ውል የሚሠሩ፣ ክረምት ሲገባ ደመወዛቸው የሚቋረጥባቸው መምህራንና ሞግዚቶች አሉ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ወለሉ ሳይወሰን ዓመታት አለፉ። በአዋጁ በግልጽ የተሰጣቸው መብት ግን አለ፦ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 120 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። በጡረታ ሕጉም አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛዋ 7 በመቶ ያዋጣሉ። ለልጃችሁ መምህርት ይህ ይከበርላታል?

በመንግሥት ትምህርት ቤትም ጉዳዩ ያው ነው። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ ክፍል በየቀበሌው ተስፋፍቷል፤ በ2015 የጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። በ2016 ግን በዞናችን የመምህራን ደመወዝ ለወራት ዘግይቶ ትምህርት ሲቋረጥ፣ ልጆቻችን ቤት ዋሉ። ያኔ አብዛኞቻችን የጠየቅነው ትምህርቱ መቼ ይጀመራል ብለን ነበር። መምህራኑ የቤት ኪራይ ከምን ይከፍላሉ፣ ልጆቻቸውስ ምን ይበላሉ ያልን ጥቂቶች ነን። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ኑሮ እናንተንም እንዳስጨነቀ አውቃለሁ፤ ተጨማሪ ብር አውጡ አልልም። የግል ትምህርት ቤቱ ክፍያ ልጨምር ብሎ ሲጠራን፣ ከጭማሪው ምን ያህሉ ለመምህራን ደመወዝ እንደሚውል ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ክረምቱን ይከፈላቸው እንደሆነም ጠይቁ። ልጃችሁ ኦ ክፍል ከሆነ ደግሞ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል መምህርቷ በቋሚነት መቀጠሯንና ደመወዟ በወሩ መድረሱን አጣሩ፤ ካልደረሰ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አብረን እንሂድ። እሷ ብቻዋን ብትጠይቅ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች፤ እኛን ግን ከወላጅነት የሚያባርረን የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶዶ ወላጅ