የልብ ምርመራው ለማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በዕድሜ የገፋ ሰው የሕይወት ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ደሙ ሊቀዳ ይችላል፤ «ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ» የሚባለው ንጥረ ነገርም ሊለካበት ይችላል። ልብ ሲወጠር ወደ ደም የሚለቀቅ ነው። ሐኪም የሚያዝዘው ትንፋሽ ያጠረው ታማሚ ልቡ ደክሞ እንደሆነ ለማጣራት ነው፤ ውጤቱንም ከልብ አልትራሳውንድ ጋር ያመሳክራል። ኢንሹራንሱ ግን ምንም ባላመመው ሰው ላይ አረቦን ይቆርጥበታል።

ቁጥሩ በዕድሜና በኩላሊት ድክመትም ይጨምራል፤ በወፍራም ሰው ደግሞ ዝቅ ይላል። ታዲያ ቀጭኑ ሽማግሌ ተቀጥቶ ወፍራሙ ቢያልፍ ምኑ ላይ ነው ፍትሑ?

ኩባንያው ስጋቱን ይመዝን፣ መብቱ ነው። በአንድ ቁጥር ብቻ ግን በር አይዝጋ። ውጤቱን ለባለቤቱ ይንገር፣ ሐኪም እንዲያይ ይምከረው። የሰውን አደጋ አውቆ አረቦን ጨምሮ ዝም ማለት ንግድ ሳይሆን ነውር ነው።