ምቾትን በሞላ አትለኩት

በአዲስ አበባ የብስክሌት መሸጫዎች ደጃፍ ላይ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገዢው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቁልቁል ይጫናል። የፊቱ ሞላ ሰምጦ ከተመለሰ ፊቱ ይፈካል። ከኮርቻው ሥር ሌላ ሞላ ካለማ ነገሩ አለቀ፤ «ደብል ሾክ ነው» ይባላል፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ብሩ ይቆጠራል። ጎማውን አገላብጦ የሚያይ፣ ብስክሌቱን አንስቶ ክብደቱን የሚሞክር፣ ቁመቱን ከፍሬሙ ጋር የሚያስተያይ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ የሰውን ገንዘብም ጉልበትም ይበላል፤ ገና ለመጀመር የተነሣውንም ሰው ከብስክሌት ያርቀዋል።

ትልቅ ጎማና ምቹ ሾክ ያለው ማውንቴን ብስክሌት የሚፈልግ ሰው በፍላጎቱ አልተሳሳተም። የሰፈር መንገዳችን ኮብልስቶንና ጠጠር ነው፤ አስፋልቱም ከጉድጓድ አይጸዳም። ጥፋቱ ሁለቱን ነገሮች እኩል አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። ትልቅ ጎማ በርካሽ ብስክሌት ላይም ቢሆን ጥቅሙን ይሰጣል። ርካሽ ሾክ ግን የተገዛበትን ሥራ አይሠራም።

በጎማው እንጀምር። ለአዋቂ በሚሸጡት ማውንቴን ብስክሌቶች ላይ የሚታዩት ዋና ዋና መጠኖች 26፣ 27.5 እና 29 ኢንች ናቸው። በ26ቱ ቸርኬ ላይ ጎማው የሚያርፍበት ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ29ኙ 622 ነው። ትልቁ ጎማ ድንጋይ ሲገጥመው በለዘበ ማዕዘን ይወጣዋል፤ ትንንሹን ጉድጓድም ብዙ ሳይሰምጥ ያልፈዋል። ለዚህ ሥራው ዘይትም ሆነ ማስተካከያ አይጠይቅም።

26 ኢንች ለረጅም ዘመን የማውንቴን ብስክሌት መለኪያ ሆኖ የኖረው ብልጫው ተረጋግጦለት አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ጋሪ ፊሸርና ባልንጀሮቹ ቁልቁለት ይወርዱባቸው የነበሩት አሮጌ የሽዊን ብስክሌቶች ወፍራም ጎማቸው በዚያ መጠን የተሠራ ስለነበር ነው። እነዚያ ብስክሌቶች ሾክ አልነበራቸውም፤ የድንጋዩን ምት የሚችለው ወፍራሙ ጎማ ነበር። ሮክሾክስ የፊት ሾኩን ይዞ ብቅ ያለው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያም 29 ኢንችን ገፍተው ወደ ገበያ ካወጡት ሰዎች አንዱ ያው ፊሸር ነበር። የብስክሌቱ ታሪክ ራሱ ቀዳሚው ምቾት ከጎማ እንደተገኘ ይመሰክራል።

ወደ ሾኩ እንምጣ። ደህና ሾክ ሁለት ሥራ አለው፤ ምቱን ይቀበላል፣ ከዚያም አመላለሱን በዘይት ይገራል። በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው ብዙ ጊዜ ጥቅል ሞላ ብቻ ነው፤ አመላለሱን የሚገራ ዘይት የለውም። ቱቦዎቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ የኮብልስቶንን ጥቃቅንና ተከታታይ ምት ሳይቀበል ወደ እጅ ያሳልፋል። ዳገት ላይ ተነሥተው ሲረግጡ ግን በሰውነት ክብደት ይሰምጣል፤ ወደ ፔዳል መሄድ የነበረበት ጉልበት ሞላ ሲያወርድና ሲያወጣ ይባክናል። እንዲለሰልስ በምንፈልግበት ይደርቃል፤ እንዲደርቅ በምንፈልግበት ይለሰልሳል።

ክብደቱ ደግሞ አለ። ርካሽ የፊት ሾክ ብቻውን ከ2 ኪሎ ግራም ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የኋላው ሞላና መገጣጠሚያዎቹ ሲጨመሩ ብስክሌቱ 16 እና 17 ኪሎ ይገባል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በሳሳ አየር ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው እያንዳንዱ ኪሎ ዕዳ ነው። የኋላው መገጣጠሚያ ላልቶ መንገጫገጭ ሲጀምርም መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። ያን ጊዜ ብስክሌቱ በረንዳ ላይ ይቆማል፤ ባለቤቱም «ብስክሌት ለእኛ አገር አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። አገሩ ላይ የሚፈረደው በተሳሳተ ዕቃ ምስክርነት ነው።

«ታዲያ ሻምፒዮኖቹ ለምን በሾክ ይወዳደራሉ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ ወርቁን የወሰደው 29 ኢንች ጎማና ከፊትም ከኋላም ሾክ ባለው ብስክሌት ነበር። ደህና ሾክ ትልቅ የምሕንድስና ውጤት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የእሱ ብስክሌት ቀላል ነው፣ አመላለሱ የተገራ ነው፣ በየጊዜው ዘይቱን የሚቀይርለት መካኒክ አለው። በደጃፋችን የሚሸጠው ስሙንና መልኩን እንጂ አሠራሩን አልወሰደም። በተወሰነ ብር ሁለት ሾክ ሲገጠም ገንዘቡ ከሌላ ቦታ መጉደሉ አይቀርም፤ የሚጎድለውም ከፍሬን፣ ከማርሽና ከጎማ ነው።

ወገቡን የሚያመው፣ ዕድሜው የገፋ ሰውስ? እሱም ምቾቱን የሚያገኘው ከወፍራም ጎማና ከልኩ ነፋስ ነው። ብዙ ጎሚስታ ጋ ነፋስ የሚሞላው በመኪና ኮምፕሬሰር ነው፤ ጎማው ድንጋይ እስኪሆን ይነፋል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ግን የማይታለፍ ገደብ ነው፤ እዚያ ድረስ መንፋት ግዴታ አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከላማዳሪ ባለው ባለ 2.25 ኢንች ወርድ ጎማ ላይ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ቢሞላ ለኮብልስቶን ይበቃዋል። ርካሹ ሾክ የነፈገውን ለስላሳነት ይህ ነፋስ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ ይሰጠዋል።

ትልቁም ጎማ ቢሆን ለሁሉ አይሆንም። ከቆመበት ሲነሣ ይከብዳል፤ ቁመቱ አጠር ላለ ሰው ደግሞ ፍሬሙ ይረዝምበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው 27.5 ኢንች ይሻለዋል። ፍሬሙ ከቁመት ጋር ካልተስማማ ወገብን የሚያድነው ምንም ዓይነት ሞላ የለም።

አስመጪዎች ሾክ የሌለውን፣ ወፍራም ጎማና ጠንካራ ፍሬን ያለውን ብስክሌት በብዛት ያምጡ፤ ከላማዳሪውንና መለዋወጫውንም አብረው ያስገቡ። በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት የተለየ መስመር መሠራት በጀመረበት ከተማ ሰው በየቀኑ የሚነዳው ቀላልና የሚጠገን ብስክሌት ያስፈልገዋል። እርስዎም ለመግዛት ሲሄዱ ሞላውን ከመጫንዎ በፊት ብስክሌቱን ያንሱት፣ የጎማውን ወርድ ይዩ፣ ፍሬኑን ይሞክሩ፣ ፍሬሙ ላይ ይቁሙበት። ሻጩ ለሁለተኛው ሾክ የሚጠይቅዎትን ጭማሪ ለደህና ጎማና ለደህና ፍሬን ይክፈሉት።