«ይገጥማል!»

በዚህ ከተማ ሰው ካከሰሩ ቃላት አንዱን ጥቀስ ብባል፣ ሳላቅማማ «ይገጥማል» የሚለውን እጠራለሁ። ቃሉ ሲነገር ደስ ይላል፣ ያረጋጋል። «አባቴ አያስቡ፣ ይገጥማል!» ሲሉዎት የችግርዎ ግማሽ እዚያው የተቃለለ ይመስልዎታል። ሂሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው።

አጎቴ ዕድሜውን በሰው ታክሲ ሲሠራ ኖሮ፣ በእቁብና በብድር የገዛት አንዲት ቶዮታ ሚኒባስ አለችው። የቤቱ ቀለብም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም እሷ ናት። አምና ሞተሯ ነክሶ ቆመ። ሊብሬዋ ላይ የተጻፈው ሞተር 3ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው። ያገለገለ 3ኤል ሲያፈላልግ ዋጋው አልቀመስ አለው። «2ኤል አለ፤ ወንድማማቾች ናቸው፣ ይገጥማል» አሉት። እውነትም ገጠመ።

ሜካኒኩ ሞተሩን መኪናዋ ላይ ከመጫኑ በፊት ቴስታታውን ከፍቶ ማየቱ ደግ ሥራ ነበር። ሲዘጋው ግን አዲስ ጓርኒሲዮን አስፈለገ። አጎቴ ሊብሬውን ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ሻጩ ሊብሬውን አየና የ3ኤል ጓርኒሲዮን አውጥቶ ሰጠው። ጋራዥ ደርሶ ሲሞከር የቡሎን ቀዳዳዎቹ ገጠሙ። ረዳቱ ልጅ «ትንሽ አልሰፋም?» ብሎ ነበር። «ዝም ብለህ ቁልፉን አቀብለኝ!» ተባለ።

እስቲ ልጁ ያየውን እንየው። የ2ኤል ሲሊንደር ስፋት 92 ሚሊ ሜትር ነው። የ3ኤል 96 ነው። ለ96 የተሠራ ጓርኒሲዮን 92 ላይ ሲቀመጥ፣ በሲሊንደሩ ዙሪያ 2 ሚሊ የምታህል ባዶ ቀለበት ትቀራለች። ሁለት ሚሊ ምን አላት? ለእኛ ምንም፤ ለናፍጣ ሞተር ግን ብዙ ነገር ናት። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን አየሩ በኃይል ተጨምቆ ሲግል ነው። ያንን እሳትና ያንን ግፊት ከውሃው መንገድ የምትለየው ያቺ ስስ ጓርኒሲዮን ናት። ያለ ቦታዋ ስትቀመጥ እሳቱ ጠርዟን ቀን ከሌት ይልሳታል።

በሦስተኛው ሳምንት ሚኒባሷ መሞቅ ጀመረች። አጎቴ ውሃ እየጨመረ ነዳ፣ ምክንያቱም የዕለት ገቢ የሚባል ነገር አለ። ከዚያ ነጭ ጭስ መጣ። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ቴስታታው ተሰንጥቋል። ሁለተኛ ሞተር፣ ሁለተኛ ብድር። የጓርኒሲዮኑን ልክ ለማጣራት ይፈጅ የነበረው ጊዜ ግን አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ጥፋተኛው ማን ነው? ሻጩን ብትጠይቁት «ሊብሬው ያለውን ሰጠሁ» ይላል፣ እውነቱን ነው። ሜካኒኩ «ያመጣልኝን ገጠምኩ» ይላል፣ እሱም አልዋሸም። አጎቴ «እኔ ሹፌር ነኝ እንጂ ምን አውቃለሁ» ይላል። ሦስቱም ንጹሐን ናቸው፣ ሞተሩ ግን ሞቷል! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሞተሩ ቡሎክ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጎንበስ ብሎ አላነበበም። እዚያ ላይ በግልጽ «2ኤል» ይላል።

ሞተር የቀየረች መኪና ከዚያን ቀን ጀምሮ የሁለት መኪና ልጅ ናት። ዕቃ ሲገዛላት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ዕቃ የማን ወገን ነው?» የሚለው ነው። ጓርኒሲዮኑ፣ ፒስተኑ፣ ፋሻው የሞተሩ ወገን ስለሆኑ በሞተሩ ቁጥር ይገዛሉ። ራዲያተሩና ማርሚታው የመኪናዋ ወገን ስለሆኑ በሻንሲዋ ይገዛሉ። መሐል ላይ ያሉት ናቸው አስቸጋሪዎቹ። ፍሪሲዮንን ውሰዱ፦ ስፋቱ ከቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር መስማማት አለበት፤ መሐሉ ላይ ያሉት ጥርሶች ደግሞ ከካምቢዮው ጋር። አንዱን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ግማሽ ፍሪሲዮን ገዝቷል። ጠዋት ናፍጣውን የሚያሞቁት ካንዴሊታዎችም እንዲሁ ናቸው። በ6 ቮልት የሚሠሩ አሉ፣ በ12 የሚሠሩ አሉ። ጥርሳቸው ስለገባ ብቻ የ6ቱን 12 በማያቋርጥ መስመር ላይ የሰካ ሰው ካንዴሊታ ሳይሆን ክብሪት ነው የገዛው። ደግሞም ትክክለኛው የ2ኤል ጓርኒሲዮን ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በውፍረቱ ደረጃ አለው፤ የሚመረጠውም ፒስተኑ ከቡሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። በግምት አይደለም።

«ይገባል» ሌላ፣ «ይስማማል» ሌላ ነው። ይህን ነገር ወደ ሹመትና ወደ ጋብቻ ልውሰደው ብል መንገዱ ሜዳ ነበር። ግን ይቅር፣ ዛሬ ከሞተር አልወጣም።

«አንተ ወረቀት ላይ ታወራለህ፣ ለአፍ ዳገት የለውም» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። «አገሩ ድሃ ነው። ኦሪጅናል የት ይገኛል? ቢገኝስ ማን ይገዛዋል?» ይሉኛል። ወዳጆቼ፣ እኔ መቼ ኦሪጅናል አልኩ? አዲስ ግዙ መቼ አልኩ? እኔ የምለው ልኩን ግዙ ነው። ልኩ የሆነ አሮጌ፣ ልኩ ካልሆነ አዲስ ይበልጣል። ቁጥር ማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም። እንዲያውም ድሃ ነንና ሁለት ጊዜ የምንገዛበት አቅም የለንም። በግምት መግዛት የሚያምርበት ሀብታም ነው፤ ቢሳሳት ይጥለዋላ!

«የእኛ ሜካኒኮች ብልሃተኞች ናቸው» የሚሉም አሉ። ናቸው። ሌላው ዓለም ለቁራሌው የሚሰጠውን መኪና እነሱ ዳገት ያስወጡታል። ቶርኖ ቤት ገብተው የሌለ ዕቃ ፈጥረው ይወጣሉ። ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ግን የሚሠራው ለክቶ ነው። ብልሃትና ግምትን የሚለያቸው መለኪያው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የሞተር ሻጭ የሞተሩን ስምና ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «ይገጥማል» ብሎ የሸጠ፣ ካልተስማማ መልሶ ይቀበል፤ ቃሉም እንደ ዕቃው ዋጋ ይኑረው። ሜካኒክ የቀየረውን ዕቃ በወረቀት አስፍሮ ለባለቤቱ ይስጥ። ባለቤት ደግሞ ሞተር በቀየረ ማግስት ሊብሬውን ያስተካክል። የሞተር ቁጥር እዚያ ላይ የሚሰፍረው ለጌጥ አይደለም። አጎቴን የጣለው እኮ መኪናው ሌላ፣ ወረቀቱ ሌላ መናገሩ ነው።

ይህ ነገር ወደፊት ይብሳል እንጂ አይቀልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ታገደ። መልካም ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ያሉት አሮጌ መኪኖች ግን ነገ ጠዋት አይጠፉም፤ ሞተር እየቀያየሩ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ሞተር በተቀየረ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው «ይገጥማል» ማለቱ አይቀርም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያ ረዳት ልጅ፣ በቅባት የተነከረች ቱታውን ለብሶ «ትንሽ አልሰፋም?» ያለው ልጅ፣ በዚያ ጋራዥ ውስጥ በዕድሜም በደሞዝም ትንሹ ነበር። ያን ዕለት ሜካኒክ የነበረው ግን እሱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፍ ከማቀበሉ በፊት ይሰማ።