ክለብን የሚያቆየው አባሉ ነው

ኒያላ፣ ጉና ንግድና ሙገር ሲሚንቶ በየዘመናቸው በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚፈሩ ቡድኖች ነበሩ። ዛሬ በሊጉ ውስጥ የሉም። ደጋፊ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ ጎበዝ ተጫዋችም አላጡም። ያጡት ባለቤት የሚሆን አባል ነው። ቡድኑ የድርጅት ነበርና ዕድሜውም በድርጅቱ በጀት ተለካ። ክለብን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው ዋንጫም ገንዘብም አይደለም፤ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ መዋጮ የሚከፍል፣ በስብሰባ ድምፅ የሚሰጥና ልጁን ይዞ የሚመጣ አባል ነው። ደቡብ ጎንደርን የመሰለ ደጋ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ክለብ ለመትከል የሚያስፈልገው ልማድ በእጁ ላይ አለ።

ለዚህ ዋናው ምስክር ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከአራዳ ልጆች ጋር ሆነው መሠረቱት፤ ስሙንም ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ያዘ። የክለቡ ስም ተለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። በደርግ ዘመን ክለቦች ከፋብሪካና ከመሥሪያ ቤት ጋር ሲታሰሩ ደግሞ «አዲስ አበባ ቢራ» ሆነ። ሁለት መንግሥታት ሁለት ጊዜ ስሙን ነጠቁት፤ ሁለቱም ጊዜ ግን ክለቡ ስሙን መልሶ አገኘ። ይድነቃቸው ተሰማ ለዚህ ክለብ ብቻ 23 ዓመት ተጫውቷል። የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሰ፣ በ1954 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ቡድኑን ያሠለጠነ፣ ኋላም እስከ ሕልፈቱ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመራ ሰው ነው። ያን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ግን የአንድ ሰፈር ክለብ አባል ነበር።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ ከጊዮርጊስ ጋር የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ተሰልፈዋል። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው፤ ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ቡድኑም አብሮ ሄደ። አርመኖቹና ግሪኮቹ በሜዳ ላይ ከታዩበት ዘመን በኋላም በአዲስ አበባ የሚሰባሰቡበትን የክለብ ቤት ይዘው ቆይተዋል። አሸናፊው ጠፍቶ አባል ያለው ቀረ።

በሩቅ ሰሜን ያለችው አይስላንድም ይህንኑ ታስተምራለች። ሕዝቧ ከ400 ሺህ ያንሳል፤ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ደቡብ ጎንደር ብቻውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበረው። ኬ.አር. የተባለው የሬይክያቪክ ክለብ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ያኔ አገሪቱ በዴንማርክ ሥር የነበረች፣ በዓሣና በበግ የምትኖር ድሃ አገር ነበረች። ክለቡ በእግር ኳስ ጀምሮ የእጅ ኳስን፣ የቅርጫት ኳስንና ሌሎችንም ጨመረ። አንዱ ስፖርት ሲዳከም ሌላው ቤቱን ይዞ ያቆያል፤ ኳስ የማይሆንለት ልጅም ሌላ ነገር ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ደግሞ በየገጠሩ የወጣት ማኅበራት ተቋቋሙ፤ አባሎቻቸው ዛፍ ተከሉ፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽና የመዋኛ ገንዳ ሠሩ። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን ስታሸንፍ ዓለም ተደነቀ፤ ከድሉ ጀርባ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የክለብ ልማድ ነበር።

«እነሱ አይስላንድ ናቸው» የሚል ካለ ወደ እንጅባራ ይመልከት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የአድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ተመሠረተ፤ 80ኛ ዓመቱን በ2012 ዓ.ም. አክብሯል። በየዓመቱ ጥር 23 አባላቱ በፈረስ ይሰለፋሉ፤ ይጋልባሉ፤ ይወዳደራሉ። ማኅበሩ ለዚያ ቀን ብቻ የቆመ አይደለም፤ ሠርግ ያደምቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ማኅበሩ አለ። የገበሬ ማኅበር ነው፤ በጀት የሚመድብለት ፋብሪካ ኖሮት አያውቅም።

ደቡብ ጎንደርም ባዶ እጁን አይደለም። ጥር 25 በመርቆሬዎስ በዓል ደብረ ታቦር ላይ ጉግስ አለ። በቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፤ በገና በዓልም የገና ጨዋታ አለ። ከተማዋ ያለችው በደጋ ከፍታ ላይ ነው፤ ከበላይዋ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ለሩጫ ከዚህ የተሻለ አየር ከየት ይመጣል? የጎደለው እነዚህን ሁሉ ከበዓል ወደ በዓል የሚያሻግር ቤት ነው። ፈረሰኛው፣ ሯጩና ኳስ ተጫዋቹ በአንድ መዝገብ ላይ የሉም፤ ለወረታ፣ ለአዲስ ዘመንና ለንፋስ መውጫ ልጆችም ክለብ ማለት ከተማ አስተዳደሩ ዘንድሮ በጀት ከያዘለት ብቻ የሚኖር ቡድን ነው።

ስፖርት ገንዘብ ይፈልጋል የሚለው እውነት ነው። ማልያ፣ ትራንስፖርትና የአሠልጣኝ ደመወዝ በምኞት አይከፈሉም። ጎረቤታችን ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ሲያሸንፍ የስፖንሰር ገንዘብም ረድቶታል። ነገር ግን ስፖንሰር የቆመን ክለብ ያጠነክራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። መዋጮ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ዳኛና ጸሐፊ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ያልከፈለ እንዴት እንደሚቀጣ ለእኛ ሕዝብ ማስተማር አያስፈልግም፤ ዕድር ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ለሞት ይህን ያህል የተደራጀ ሕዝብ ለልጆቹ ጤናና ደስታ መደራጀት አያቅተውም።

ስለዚህ መነሻው ስታዲየም መሆን የለበትም። መነሻው መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና አነስተኛ ወርኃዊ መዋጮ ነው፤ ሴቶችም ከመጀመሪያው ቀን በመዝገቡ ይግቡ። አስተዳደሩ ቦታ ይስጥ፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ያውስ፤ ሊቀ መንበሩን ግን አባላቱ ይምረጡ። እንዲህ የተመሠረተ ክለብ የመጀመሪያውን ዋንጫ ለማንሳት ሃያ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ከንቲባ ሲቀየር ግን አይፈርስም፤ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገንም ይህ ነው።