ስለ ሆድ ታላቅ የደም ሥር

ከልብ ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንት ፊት ወደ ሆድ የሚወርደው ታላቁ የደም ሥር፣ በጕልማሳ ሰው ስፋቱ 2 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ዕድሜ ሲገፋ የመለጠጥ ኃይሉ ይደክማል፤ ግድግዳው ይደርቃል፤ ቀስ በቀስም ይሰፋል። ስፋቱ 3 ሳንቲሜትር ሲደርስ ግን በሽታ ይባላል። ይህም ሕመም ሳይሰማ አድጎ የፈነዳ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

«የእርጅና ነገር ነው» ብሎ መተው አይገባም እንላለን። እርጅናን ማስቀረት ባይቻል፣ ጉዳቱን የሚያብሱትን ትንባሆንና የደም ግፊትን መከላከል ይቻላልና። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት፤ አራዳ ለገበያ የሚወጡ አባቶችም ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ግፊታቸውን እንዲያስለኩ እንመክራለን። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ከሲጋራ አርቁ፤ የሽምግልና የደም ሥር የሚጠበቀው ከወጣትነት ጀምሮ ነውና።