ማሳሰቢያ፦ ወደ ሪያድ «ሕግ ቢሮ» ለሚነሡ የሕግ ምሩቃንና ለቤተሰቦቻቸው

«ሪያድ ለሚገኝ የሕግ ቢሮ የሕግ ምሩቅ ይፈለጋል፤ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ልምድ አይጠየቅም፣ ቪዛው ዝግጁ ነው።» እንዲህ ያለ ጽሑፍ በቴሌግራም የደረሳችሁ፣ ወይም «እዚያ የማውቀው ሰው አለ» ሲባል ከዘመድ የሰማችሁ ምሩቃን፣ እንዲሁም ተበድራችሁም ቢሆን ልጃችሁን ለመላክ የቆረጣችሁ ወላጆች፣ ገንዘብ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ የሕግ ዲግሪ ሪያድ ላይ ጠበቃ አያደርግም። የሚያስቀጥር ቢሆን እንኳ በምን ስም እንደሚያስቀጥር የሚታወቀው ቪዛው ላይ ከሰፈረችው አንዲት ቃል ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። የሳዑዲ ዓረቢያ የጥብቅና ሕግ እ.ኤ.አ. በ2001 በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር ም/38 የወጣ ነው። ፈቃድ የሚሻ ሰው ምን እንዲያሟላ የሚዘረዝረው 3ኛው አንቀጽ በቅድሚያ የሚጠይቀው ዜግነትን ነው። አመልካቹ ሳዑዲ መሆን አለበት፤ የውጭ ዜጋ የሚስተናገደው አገሩ ከሳዑዲ ጋር ስምምነት ካላት ብቻ ነው። የሸሪዓ ወይም የሕግ ዲግሪውና የልምምድ ዘመኑ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አገራችን ከሳዑዲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈራረመችው የሠራተኛ ስምምነት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። ስለ ጠበቃ የተጻፈ ነገር የለበትም። ስለዚህ ደላላው «እዚያ ስትደርስ ፈቃዱን ቢሮው ያወጣልሃል» ካለ፣ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ እያወቀ ይዋሻል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ።

ይህ ማለት ግን ሪያድ ላይ የሕግ ሥራ የለም ማለት አይደለም። ሞልቷል እንጂ! ወሬው በቀላሉ የሚታመነውም ግማሹ እውነት በመሆኑ ነው። ከ2024 መግቢያ ጀምሮ የአካባቢ ዋና መሥሪያ ቤቱን በሳዑዲ ያላደረገ ዓለም አቀፍ ኩባንያ የመንግሥት ውል እንዳያገኝ ተወስኗል፤ ኩባንያዎቹ ሲገቡ ጠበቆቻቸው ተከትለው ገቡ። በማርች 2023 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ለሦስት የውጭ የጥብቅና ድርጅቶች፣ ማለትም ለኸርበርት ስሚዝ ፍሪሂልስ፣ ለሌተም ኤንድ ዋትኪንስና ለክሊፈርድ ቻንስ፣ የመጀመሪያዎቹን ፈቃዶች ሰጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አዲሱ የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ቀድሞ በአብዛኛው ለዳኛው የሸሪዓ ትርጓሜ የተተወው የውል ጉዳይ በቁጥር በተደረደሩ አንቀጾች ተጻፈ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ሲሸመድድ የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ «ይቺንማ አውቃታለሁ» ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ ያለው ወንበሩ ለማን እንደተዘጋጀ ላይ ነው። ዓለም አቀፎቹ ድርጅቶች የሚፈልጉት የለንደን ወይም የኒው ዮርክ ፈቃድ ኖሮት ዓመታት የሠራ ሰው ነው። በአገሬው ቢሮዎች ደግሞ አቤቱታና መልስ የሚያረቅቁት በአብዛኛው ዓረብኛ አፍ የፈቱበት ግብፃውያን፣ ሱዳናውያንና ዮርዳኖሳውያን ናቸው፤ ማዕረጋቸውም «የሕግ አማካሪ» እንጂ ጠበቃ አይደለም። እነርሱም ቢሆኑ ቦታው እየጠበበባቸው ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 የሕግ ቢሮዎች የሥራ መደብ በመጀመሪያ ዙር 50 ከመቶ፣ ቀጥሎም 70 ከመቶ በዜጎች እንዲያዝ ወስኗል። ለአንድ ሳዑዲ ወጣት መሰላሉ ግልጽ ነው፤ በተለማማጅነት ተመዝግቦ ሦስት ዓመት ይሠራል፣ ማስተርስ ካለው ጊዜው ወደ አንድ ዓመት ያጥርለታል፣ ከዚያ ፈቃዱን ይወስዳል። ለውጭ አገር ጀማሪ ያ መሰላል የመጀመሪያው ደረጃ የለውም። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በዓረብኛ ስለሆነ፣ ዓረብኛ የማያነብ ምሩቅ ለቢሮው የሚሰጠው ጥቅም ትርጉምና የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ቪዛው። ወረቀቱ ላይ «ሚህና» የሚል ዓረብኛ ቃል ታገኛላችሁ፤ ሙያ ማለት ነው። ከጎኑ «ሙስታሻር ቃኑኒ» ከተባለ የሕግ አማካሪ ሆናችሁ ተጠርታችኋል። «ካቲብ» ከሆነ ጸሐፊ ናችሁ። «ሳኢቅ» ሹፌር፣ «ዓሚል» የጉልበት ሠራተኛ ነው። ደላላው «እሱ ለቪዛው ብቻ ነው፣ እዚያ ይስተካከላል» ይላል። አትመኑት። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ በ38ኛው አንቀጽ ሠራተኛው ከተመዘገበበት ሙያ ውጪ እንዳይሠራ፣ በ39ኛው ደግሞ ከራሱ አሠሪ ሌላ ጋ እንዳይሠራ ይከለክላል። «ፍሪ ቪዛ» እየተባለ የሚሸጠው ነገር ይህን 39ኛ አንቀጽ በቀጥታ የሚጥስ ነው። ከፊሉ (በስሙ ቪዛው የወጣበት ስፖንሰር) አንድ ሰው፣ አሠሪው ሌላ ሰው ይሆንና፣ ፍተሻ ሲመጣ የሚያዘው ምሩቁ ነው። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር መንፉሃ በተባለው የሪያድ ሰፈር በአፈሳው ጊዜ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ያኔ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ አገር ተመልሰዋል።

ውሉም ተመሳሳይ ፍተሻ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ በእንግሊዝኛ የተፈረመው ወረቀት «የሕግ ባለሙያ» ይል ይሆናል፤ ሚዛን የሚደፋው ግን ቂዋ በተባለው የሳዑዲ መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ላይ የተመዘገበው ነው። ደመወዙ፣ ሙያውና የሙከራ ጊዜው ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ አትፈርሙ። የሙከራ ጊዜው በ2025 ሥራ ላይ ከዋለው የሕግ ማሻሻያ ወዲህ እስከ 180 ቀን ሊደርስ ይችላል። ስድስት ወር ያህል በሙከራ ቆይቶ ያለ ስንብት ካሳ መሰናበት ሕጋዊ ነው ማለት ነው፣ የተበደራችሁት ግን አይጠብቅም። ወጪን በተመለከተ የሁለቱም አገር ሕግ ከእናንተ ጋር ነው። የሳዑዲው ሕግ በ40ኛው አንቀጽ የቅጥር፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እና የሥራ ፈቃድ ክፍያን ከነእድሳቱ በአሠሪው ላይ ይጥላል። የእኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ም የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ለአሠሪው ያሸክማል። «የቪዛ ዋጋ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ እንዳለው ሳታረጋግጡ አንድ እርምጃ አትራመዱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ይህን ሁሉ አልፎ በእውነተኛ ሙያ፣ በእውነተኛ ውል ኦላያ ወይም ንጉሥ ፋህድ መንገድ ላይ ካለ ቢሮ የገባስ? እርሱም ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ። ሳምንቱ እሑድ ይጀምርና ሐሙስ ያልቃል፣ በወረቀት ላይ። የይግባኙ 30 ቀን ሊሞላ ሲል ዓርብና ቅዳሜ የሉም፤ ባለጉዳዩም በዋትስአፕ ሌሊት ይደውላል። ሕጉ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፣ ለትርፍ ሰዓቱም ጭማሪ ክፍያ ያዛል፤ ግን ኢቃማው በአለቃው እጅ የሚታደስለት ጀማሪ የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ይዞ አለቃው ፊት ለመቅረብ ልቡ አይደፍርም። ሥራው የሚሄደው ናጂዝ በተባለው የፍትሕ ሚኒስቴር ሥርዓት ላይ ነው። ወጣቱ ያረቀቀውን ሰነድ ለማስገባት ሲሞክር ስክሪኑ ላይ ባለሁለት አሐዝ ቁጥር ይወጣል፤ ያንን ቁጥር ናፋዝ በሚባለው መተግበሪያ ላይ መንካት የሚችለው ባለፈቃዱ ጠበቃ በራሱ ስልክ ነው። ጠበቃው ስብሰባ ላይ ከሆነ ወጣቱ ቁጥሩን በዋትስአፕ ልኮ ይጠብቃል፣ ጊዜው ያልፍበትና እንደገና ይሞክራል። አቤቱታው በመጨረሻ ሲገባ የተጻፈበት ስም የጠበቃው ነው። ዓመታት ሠርቶ ሲወጣ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ተርጓሚ» ካለ፣ አገር ቤት ተመልሶ ነገረ ፈጅ ወይም ጠበቃ ለመሆን ሲያመለክት የሚታይለት ያ ወረቀት ነው። ስለዚህ የሥራ መደባችሁን ስም ከመነሻው በጽሑፍ አስተካክሉ። ውሉ ውስጥ ከለቀቃችሁ በኋላ ከተፎካካሪ ቢሮ እንዳትሠሩ የሚያግድ አንቀጽ ካለም ዘመኑን አንብቡ፤ ሕጉ ከሁለት ዓመት አያሳልፈውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያሰበውን ሥራ ያጣ ምሩቅ በጥሃና መንፉሃ ሰፈሮች ወገኖቹ መሐል ሲገኝ፣ ሕግ መማሩ ወዲያው ይወራል። ደመወዝ የተከለከለው፣ ሁሩብ (ከሥራ ጠፍቷል) የተባለበት፣ ፓስፖርት የተያዘበት ሁሉ ይመጣል። መጀመሪያ በነፃ ይጽፍላቸዋል፣ ቆይቶ «ለሻይ» ይቀበላል፣ በኋላ ውክልና መቀበል ያምረዋል። በደግነት የተጀመረ መሆኑ አያድነውም። የጥብቅና ሕጉ ሲወጣ በ37ኛው አንቀጽ ሳይፈቀድለት ጠበቃ ነኝ ብሎ የሚሠራን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ ወይም ከ30 ሺህ ሪያል የማያንስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል ብሏል። ለውጭ ዜጋ ደግሞ ከቅጣቱ በኋላ መባረር ሊከተል ይችላል።

ሪያድ ያላችሁ ባለጉዳዮችም ለእንዲህ ያለው «ጠበቃ» ገንዘብ አትስጡ። በሠራተኛ ሕጉ ሥር ያለ ሠራተኛ ለደመወዝ ክሱ የፍርድ ቤት ክፍያ አይጠየቅም፣ ጠበቃ የመያዝ ግዴታም የለበትም። አቤቱታው መጀመሪያ ለሰብዓዊ ሀብት ሚኒስቴሩ የዕርቅ ክፍል ይቀርባል፤ በ21 የሥራ ቀናት ካልተፈታ ወደ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። የቤት ሠራተኞች በሌላ ደንብ ስለሚተዳደሩ በቅድሚያ ሪያድ የሚገኘውን ኤምባሲያችንን ይጠይቁ። ሌሎቻችሁ የሥራ ግንኙነቱ ካበቃ 12 ወር ካለፈ ክሱ እንደማይሰማላችሁ እወቁ። ውላችሁን፣ የባንክ መግለጫችሁንና ከአሠሪው ጋር የተጻጻፋችሁትን መልእክት ዛሬውኑ ፎቶ አንሥታችሁ አገር ቤት ላለ ሰው ላኩ።