ባለቤቴ ሲዛወር ሥራዬም ይዛወር፦ ለአገር መከላከያ ሚኒስቴር አመራሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ አመራሮች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሐዋሳ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ ከተከራየነው ቤት ሆኜ ነው። ባለቤቴ የሠራዊታችሁ አባል ነው። እኔ በመጻፍ እተዳደራለሁ፤ የመጽሔት ጽሑፍ፣ የሬዲዮ ድራማ፣ የድርጅቶች ትርጉምና ሪፖርት፣ የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ማስታወቂያ እሠራለሁ። ቀጣሪ የለኝም፤ የሚከፈለኝ በሠራሁት ልክ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ባለቤቴን ስታዛውሩ የእኔም ሥራ እንደ ሥራ ተቆጥሮ አብሮን እንዲሄድ መንገዱን ክፈቱልን።

የወታደር ትዳር ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዕቃ ጠቅልሎ መነሳትን፣ ልጅን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት ማስወጣትን፣ ለአዲስ ሰፈር እንግዳ ሆኖ ዕድር መግባትን በየቤታችሁ አይታችሁታል። በዚህ ሁሉ መሐል መጀመሪያ የሚፈርሰው የሚስት ሥራ ነው። ሱቅ የከፈተችው ደንበኞቿን ጥላ ትሄዳለች። አስተማሪዋና ነርሷ በጋብቻ ምክንያት ዝውውር ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ክፍት መደብ እስኪገኝ ግን ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ ይጠብቃል። እንደኔ በላፕቶፕ የምትሠራ ሴት መደብ የሚለቅላት ሰው አያስፈልጋትም፤ ባሏ በተመደበበት ከተማ ኔትወርክና መብራት እስካለ ድረስ በማግስቱ መሥራት ትችላለች። ለሠራዊት ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ሥራ አላውቅም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ግን አይታይም። ጎረቤቶቼ መልካም ሰዎች ናቸው። ቡና ሲፈላ ይጠሩኛል፣ ልጅ ያስጠብቁኛል፣ ለቅሶ ቤት የሚያግዝ ሰው ሲፈለግ «አንቺ እኮ ቤት ነሽ» ብለው መጀመሪያ የሚያነሱት የእኔን ስም ነው። በዚህ አልከፋም፤ ባለቤቴ ግዳጅ ላይ ሳለ ልጄን ሌሊት ትኩሳት ሲያጣድፈው በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እነሱ ናቸው። የሚጎዳኝ ይኸው አመለካከት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። በኖርንባቸው ከተሞች በነዋሪነት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሥራ በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። አንድ ባንክ ብድር ስጠይቀው የደመወዝ ማረጋገጫ ከመሥሪያ ቤቴ እንዳመጣ ነገረኝ። የፈረምኳቸውን ውሎችና የገባልኝን ክፍያ ባሳይም ከባለቤቴ ደመወዝ ሌላ የሚቆጠር ነገር አልተገኘልኝም።

የግብሩም ነገር እንዲሁ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የማያቀርብ ሰው ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ ይያዛል። ግብር መክፈል ግዴታዬ ነው፤ በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ፈቃድ ግን ከአድራሻ ጋር የታሰረ ነው፣ የእኔን አድራሻ የሚወስነው ደግሞ የባለቤቴ ምድብ ነው። ከተማ በቀየርን ቁጥር መሸኛ፣ የኪራይ ውል፣ አዲስ ምዝገባ ሲባል ወራት ያልፋሉ። በእነዚያ ወራት አሠሪዎች ወይ ሥራውን ለሌላ ይሰጣሉ፣ ወይ ከክፍያው ሲሶ የሚጠጋውን ይቀንሳሉ። ይህ የሚደርስብኝ በስንፍናዬ ሳይሆን አገር ባለቤቴን ስለፈለገችው ነው።

ድሮ የወታደር ሚስት ድካም ከማንም ዓይን አይሰወርም ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር እህል የሚፈጩ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ ቁስለኛ የሚያስታምሙ ብዙ ሴቶች አብረው ተጉዘዋል። ስንቁ በእነሱ ጉልበት ካልተሰናዳ ጦሩ አንድ እርምጃ እንደማይሄድ አዝማቹም ዘማቹም ያውቁ ነበር። ጥቅምት 1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን የጦር ሚኒስትር ሲያደርጉ፣ ዛሬ እናንተ የምትመሩት መሥሪያ ቤት ታሪክ ተጀመረ። ኋላ ወታደሩ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ስንቁንም መንግሥት ተረከበ። ሚስት ከተማ ቀረች። መቅረቷ መልካም ነው፤ ወፍጮ ተሸክማ ትዝመት የሚል የለም። ሆኖም ቤቱን ደግፋ የምታቆመው ዛሬም እሷ ናት። የአንድ ሰው ደመወዝ ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ሸፍኖ እንደማይተርፍ፣ ምሽግ ውስጥ ያለው አባወራ ሐሳቡ ቤቱ የሚቀረው ለምን እንደሆነ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ስለ ስልክ ዝምታም ልንገራችሁ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት የሰሜን ዕዝ ሲጠቃ ወደ ትግራይ የሚያገናኘው ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ባሎቻቸው እዚያ የነበሩ ሴቶች በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ሰነበቱ። ባለቤቴ ያኔ ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እሱ ባለበት ኔትወርክ ሲጠፋ የእኔም ቤት ያንን ዝምታ ቀምሷል። እንዲህ ባለ ሰሞን ለሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ ጽፌ አስረክቤያለሁ፤ የደስታ ቃላት እየፈለግሁ፣ ዓይኔ ስልኩ ላይ ተተክሎ። ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ፈቃድ የምትጠይቀው አለቃ አላት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት አላት። እኔ የምጠይቀው አለቃ የለኝም፤ ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ሰሞን ጡት እያጠባሁ ትርጉም ስጨርስ ባለቤቴ ገና ልጁን አላየውም ነበር። ስልኩ ዝም ባለባቸው ቀናት «የባለቤትሽ ክፍል ደህና ነው» የሚል አንድ ሰው ስልክ ቢያነሳልኝ ምን ያህል ሸክም ይቀለኝ እንደነበር በቃላት ልገልጽላችሁ አልችልም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴሩ ራሱ ያስጠናው ጥናት ሥራ ፈልገው ያላገኙ የወታደር ባለትዳሮች ለዓመታት ከ20 በመቶ በላይ እንደሆኑ አሳይቷል። በ2011 እ.ኤ.አ. ባለትዳሮቹን ለመቅጠር ቃል የገቡ ድርጅቶችን አሰባስቦ ሥራ እንዲያገኙ ማገናኘት ጀመረ። እነሱ ሀብታም ናቸው ትሉኝ ይሆናል። የእኔ ጥያቄ ግን በጀት የሚፈልግ አይደለም።

የአባላትን ቤተሰብ ስትመዘግቡ የሚስት ወይም የባል ሥራ ምን እንደሆነ ጠይቁን፤ በግል የምንሠራውንም እንደ ሥራ ጻፉልን። ባለቤቴ ሲዛወር ቤተሰቡ የተነሳው በመንግሥት ግዳጅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ስጡን። ንግድ ቢሮው፣ ገቢዎችና ባንኩ በዚያ ደብዳቤ የቀድሞ ፈቃዳችንን አድራሻ ብቻ ቀይረው እንዲያስቀጥሉልን ከእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ጋር ተስማሙ። ለሠራዊቱ የሚታተም ጽሑፍ፣ የሚተረጎም ሰነድ ሲኖር በግልጽ ውድድር እኛም እንድንሞክር አሳውቁን፤ ስለ ሠራዊቱ ኑሮ ከእኛ አብልጦ የሚጽፍ ማን አለ? ጉዳዩ ወደፊትም የሚሰፋ ነው፤ መንግሥት ሐምሌ 2016 አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ ለማስተማር መርሐ ግብር ጀምሯል። ከእነዚያ ወጣቶች የሠራዊት አባል የሚያገቡ ይኖራሉ፤ ቤታቸው ሆነው የሚሠሩትም ብዙ ይሆናሉ።

ጥቅምት 2011 በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ኢንጂነር አይሻ መሐመድ ናቸው። ያን ቀን ብዙዎቻችን ጉዳያችንን የሚሰማ ሰው አገኘን ብለን ነበር። ዛሬም ያንኑ ተስፋ ይዤ ነው የምጽፍላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን የሚቀጥለው የዝውውር ትእዛዝ ሲወጣ ቤተሰቡ የተነሳው በግዳጅ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ አትርሱብን።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የሠራዊት አባል ባለቤት
ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ